የግቢያችንን አጥር በወዳደቀ ነገር ልናስጌጥ ነው፤ እጃችሁ ያለበት ምከሩን

ግንፍሌ ማዶ (ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9፡20)

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ከአራት ኪሎ ዝቅ ብሎ ግንፍሌ አካባቢ ባለ የጋራ መኖሪያ ግቢ ውስጥ ነው። ወደ መንገዱ የሚያየው አጥራችን ረጅም የብሎኬት ግንብ ነው። ልስኑ ተላልጧል፤ ማስታወቂያ ሲለጠፍበት፣ ሲቀደድ፣ እንደገና ሲለጠፍበት ኖሮ ሌላ ቆዳ አውጥቷል። ከሥሩ ደግሞ ጨለም ሲል ማን እንደሚጥለው የማይታወቅ ቆሻሻ አያጣም። የግቢው ኮሚቴ ለቀለም መግዣ አዋጡ ቢል የሰማው የለም። በዚህ ጊዜ ነው እኛ የግቢው ወጣቶች ቆርኪ፣ ሃይላንድ፣ ጣሳና የተበላሸ ኮምፒውተር ሰብስበን ግንቡን እናስጊጠው ብለን ያቀረብነው። ሊቀ መንበሩም «ገንዘብ አትጠይቁ እንጂ የፈለጋችሁትን ሥሩ» ብለው ፈቀዱልን።

ፈቃዱ አለ፣ ጉልበቱም አለ፤ የጎደለው ዕውቀት ነው። ቆርኪ ግንብ ላይ በምን ይያዛል? ክረምቱንስ ይችላል? ሃይላንዱን በሰፈራችን ቤት ለቤት ከሚሰበስበው ማኅበር በነጻ ለመጠየቅ አስበናል፤ የሚሰጡን ይመስላችኋል? ምን ይሣል በሚለው ላይ ገና እየተጨቃጨቅን ነው። ግማሹ አንበሳ ይላል፣ ግማሹ የሰፈሩን ካርታ ይላል፣ አንድ ጎረቤታችን ደግሞ የራሳቸውን ፎቶግራፍ ይዘው መጥተዋል።

ቆርቆሮ ቀጥቃጭ (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1፡05)

እህቴ፣ ያደግሁት መርካቶ ምናለሽ ተራ ቆርቆሮና በርሜል ስቀጠቅጥ ነው፤ ስለዚህ ስለ ሥዕሉ ትቼ ስለ ዕቃው ልንገርሽ።

የቢራና የለስላሳ ቆርኪ ብረት ነው። የተቀባው ቀለም እስካልተፋቀ ድረስ ይቆያል፤ ስትቀጠቅጪው ግን ጠርዙ ላይ ቀለሙ ይሰነጠቃል፤ ስትበሺው ደግሞ ቀዳዳው ዙሪያ ራቁቱን ይቀራል። ሐምሌና ነሐሴ ሲዘንብበት ከዚያ ቦታ ይዝግና ግንባችሁ ላይ ቡናማ መስመር ያወርዳል። የአረቄና የውስኪ ጠርሙስ ጠምዛዛው ክዳን ግን ብዙውን ጊዜ አሉሚኒየም ነው። እንደ ብረት አይዝግም፣ በመቀስ ይቆረጣል፣ በጣት ይታጠፋል። ለመለየት ከተበላሸ ድምፅ ማጉያ ላይ ማግኔቱን አውጥታችሁ ክምሩ ላይ አዙሩት። የተሳበው ብረት ነው።

ለመብሻ መሰርሰሪያ ማሽን አያስፈልግም፤ የእንጨት ጉቶ፣ ወፍራም ሚስማርና መዶሻ ይበቃል። የብረቱን ቆርኪ ከበሳችሁ በኋላ ፊቱንም ጀርባውንም ቫርኒሽ አጠጡት፤ በተለይ ቀዳዳውን። ማሰሪያው ላይ ተጠንቀቁ። ጥቁሩ የግንበኛ ሽቦ ከቆርኪው ቀድሞ ይበላል። ዚንክ የተቀባውን ነጩን ሽቦ ግዙ። መዳብ ያምራል ብላችሁ የድሮ ኤሌክትሪክ ገመድ እንዳትጠቀሙ፤ መዳብና አሉሚኒየም ተነካክተው ዝናብ ሲያገኛቸው አሉሚኒየሙ በቶሎ ይበላል። ትንንሾቹን ልጆች ደግሞ ቆርኪ በመለየት አሠሯቸው እንጂ ቆርቆሮ አታስይዟቸው። የተቆረጠ ጣሳ እንደ ምላጭ ነው።

ሒሳቡን አምጡ (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2፡30)

እኔ የማጨበጭብላችሁ አይመስለኝም። ሃይላንድን ቆሻሻ ነው ያላችሁ ማን ነው? ቆራሌው በኪሎ ይገዛዋል፤ ከእሱ ትልቁ ነጋዴ ይረከባል፤ ከዚያ ተፈጭቶና ታጥቦ ለፋብሪካ ጥሬ ዕቃ ይሆናል። ባዶ የግማሽ ሊትር ጠርሙስ የሚመዝነው ከ10 እስከ 20 ግራም ነው። አንድ ኪሎ ለመሙላት አንድ ሰው ከ50 እስከ 100 ጊዜ ጎንበስ ብሎ ማንሳት አለበት ማለት ነው። እናንተ ይህን ከሰው እጅ በነጻ ወስዳችሁ ቀለም ቀብታችሁ ልትሰቅሉት ነው። ቀለም የተቀባውን ደግሞ ከግንቡ ሲወርድ የሚቀበለው አይኖርም። ጥቂት ዓመት ፀሐይ ከመታው እየደረቀ ይሄዳል፣ ይሰነጠቃል፣ ፍርፋሪው በቦዩ አድርጎ ግንፍሌ ወንዝ ይገባል። ቆሻሻውን ከመንገድ አንስቶ በረጅሙ መንገድ ወደ ወንዝ መላክ ካልሆነ ይህ ምን ሊባል ነው?

ሥሩ፣ አትሥሩ አልልም። የሚሸጠውን ግን ለሚሸጠው ሰው ተዉለት። ማንም በኪሎ የማይገዛው ነገር ሞልቷል፤ የተሰበረ ስኒ፣ ያለቀ እስክሪብቶ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ የብስኩት መጠቅለያ፣ የሸክላ ስባሪ። ፌስታልም ቤታችሁ ተጠቅልሎ የተቀመጠ አይጠፋም። የተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ባጸደቀው አዋጅ ስለተከለከለ፣ ቢያንስ አዲስ እየገዛችሁ እንዳትጨምሩበት እንጂ ያለው ለመሸረብ ይሆናል።

ከስድስት ኪሎ (ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3፡10)

«ሒሳቡን አምጡ» የተናገረው ላይ ልጨምር። በዚህ መንገድ ከሄዱት ሁሉ ቅርባችን ያለው ኤልያስ ስሜ ነው። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ፣ በ1950 ዓ.ም. በአለ ፈለገ ሰላም ከተመሠረተው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የወጣ ሰው ነው። መጀመሪያ በአዝራርና በክር ይሠራ ነበር። በኋላ ወደ ኤሌክትሪክ ገመድ፣ ወደ ኮምፒውተር ሰሌዳና ወደ መክተቢያ ቁልፎች ዞረ። ሽቦዎቹን ሹሩባ እንደሚጎነጉን ሰው በትዕግሥት ይጎነጉናቸዋል፤ ከሩቅ ስታዩት ከአውሮፕላን የታየ የእርሻ መሬት ይመስላችኋል፣ ቀርባችሁ ስታዩት የኮምፒውተር ሆድ ዕቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ቬኒስ በተካሄደው ታላቅ ዐውደ ርእይ ላይ ሥራው ቀርቧል። ከመስከረም አሰግድ ጋር የመሠረቱት ዞማ ሙዚየም በ2011 ዓ.ም. መካኒሳ ተከፍቷል፤ ግድግዳው ጭቃ ነው፣ ሄዳችሁ እዩት።

ይህን የማነሣው «እኛም እንደ ኤልያስ» እንድትሉ አይደለም። እሱ ዕቃውን ከመርካቶ ይገዛል። ገንዘቡ ከቆራሌው ጀምሮ በዚያ ገበያ ላሉት ሁሉ ይደርሳል። ደግሞም ሥራው የአንድ ሰው ዓይንና የብዙ ዓመት ልፋት ነው እንጂ የሰፈር ጥበብ አይደለም። የሰፈር ጥበብ ሌላ ችግር አለው፤ አሥር ሰው አሥር ሐሳብ ያመጣል፣ የሁሉም ይግባ ሲባል የማንም የማይሆን ነገር ይወጣል። አንበሳውንም ካርታውንም የጎረቤታችሁንም ፎቶግራፍ አንድ ግንብ ላይ እንዳላየው እሰጋለሁ።

ቆርኪን በተመለከተ፣ ጋናዊው ሠዓሊ ኤል አናትሱይ ለብዙ ዓመታት ናይጄሪያ ተቀምጦ የሠራቸው እንደ ጋቢ የሚንጠለጠሉ ታላላቅ ሥራዎች በዓለም ታውቀዋል። ብዙ ሰው ያንን አይቶ የቢራ ቆርኪ ይሰበስባል። የእሱ ዋና ዕቃ ግን የአረቄ ጠርሙስ የአሉሚኒየም ክዳንና አንገት ላይ ያለው ቀለበት ነው፤ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ የለየው ልዩነት እዚያም አለ። መዳብ ሽቦ ይጠቀማል፣ ነገር ግን አብዛኞቹ ሥራዎቹ ጣሪያ ሥር የሚሰቀሉ ናቸው። ግንፍሌ ላይ ነሐሴ ጣሪያ የለውም።

ጋሪ ገፊዋ (እሑድ፣ ከጠዋቱ 1፡15)

እኔ ቤት ለቤት ቆሻሻ ከሚሰበስብ ማኅበር አንዷ ነኝ፤ የእናንተ ሰፈር አይደለም፣ ግን አይርቅም።

«በነጻ እንዲሰጡን» የሚለውን አንብቤ ስልኩን አስቀምጬ ተኛሁ። ጠዋት ተነሥቼ ነው የምመልሰው። እኛ በር ስናንኳኳ የሕፃን ሽንት ጨርቅ፣ የትናንት ሽሮ፣ የተሰበረ ብርጭቆና ሃይላንድ በአንድ ከረጢት ታስሮ ነው የሚሰጠን። ሃይላንዱን ከሽሮው የምንለየው በእጃችን ነው። ብርጭቆው ስንት ጓደኞቼን እንደቆረጠ ልቁጠርላችሁ ብል አልጨርስም። ከዚያ ሁሉ ውስጥ የምንሸጠው ጥቂት ነገር ነው፤ እናንተ የጠየቃችሁት ያንን ጥቂቱን ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሲያልቅ፣ እዚያ እየለቀሙ የሚኖሩም ነበሩበት። ከቆሻሻ ስለሚሠራ ውብ ነገር ሲወራ ያንን ሳላስብ አላልፍም።

ጥበቡን አልጠላም። ልጄም ሥዕል ትወዳለች። ግንቡ ሲመረቅ ግን ንግግር የሚያደርገው ሌላ፣ ፎቶግራፍ የሚነሣው ሌላ፣ በማግሥቱ ከሥሩ ቆሻሻ የምታነሣው እኔ እንዳልሆን እፈልጋለሁ።

ግንፍሌ ማዶ (እሑድ፣ ከቀኑ 5፡40)

እህቴ፣ ጊዜ ወስደሽ ስለመለስሽልኝ አመሰግናለሁ። ሁላችሁም «ክፈሉ» ነው የምትሉት፤ ገብቶኛል። ነገር ግን የግቢው ካዝና ባዶ ነው። ለቀለም ያላዋጣ ነዋሪ ለሃይላንድ ያዋጣል ብዬ አላምንም። አብዛኞቻችን ተማሪዎችና ሥራ ፈላጊዎች ነን። ገንዘብ ያለው ብቻ ነው ግንቡን ማሳመር የሚችለው ከተባለ ደግሞ ይህ ሐሳብ ከመነሻው ለእኛ አልነበረም ማለት ነው። እስቲ ከዚህ መውጫ ያለው ይናገር።

አባ ኩራዝ (እሑድ፣ ከቀኑ 8፡00)

ልጆቼ፣ መውጫው እናታችሁ ደጅ ላይ ሲጮህ የኖረ ነው። ልዋጭ! ያረጀ ልብስ ሰጥታችሁ የፕላስቲክ ሳህን ስትወስዱ ገንዘብ ማን አነሣ?

እኔ ሠራተኛ ሰፈር ነው ያደግሁት። የመጀመሪያው መብራቴ ከጣሳ የተሠራ ኩራዝ ነበር፤ ጫማዬ ከመኪና ጎማ የተቆረጠ በረባሶ፣ መኪናዬ ከሽቦ የተጠማዘዘ፣ ኳሴ ካልሲ ውስጥ የታጨቀ ጨርቅ። ያን ጊዜ ይህን «መልሶ መጠቀም» ብሎ ሥልጠና የሚሰጥበት ሰው አልነበረም። በረባሶውን ንቀን ትተነው ስናበቃ ዘነበወርቅ ሰፈር ያደገች ልጅ፣ ቤተልሔም ጥላሁን፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ከዚያው ከጎማ ሶል ተነሥታ የጫማ ሥራ አቋቁማ ባሕር ማዶ ሸጠችው። እንጦጦ ላይም ሴቶች የጥይት ቀለህ አቅልጠው የአንገት ጌጥ ይሠራሉ። ስለዚህ ወጣቶቹ አዲስ ነገር ጀመርን ብለው ብዙ እንዳይደክሙ። እጃችሁን ብቻ አለማምዱት፤ ሽቦ ጠምዝዞ የማያውቅ ጣት ግንብ ላይ አንበሳ አያወጣም፣ ቢያወጣም ውሻ ነው የሚመስለው።

ጋሪ ገፊዋ (እሑድ፣ ከቀኑ 9፡25)

ጋሽዬ ልክ ነዎት፤ እኔም ወደዚያ ልመጣ ነበር።

ገንዘብ አልጠየቅሁም። በግቢያችሁ ያለው ነዋሪ ሁሉ ሃይላንዱን ውኃ አስነክቶ፣ ክዳኑን ፈትቶ፣ በእግሩ ጨፍልቆ በተለየ ማዳበሪያ ከረጢት ቢያስቀምጥልን ለእኛ ክፍያ ነው። ንጹሑና የቆሸሸው ገበያ ላይ እኩል አይደሉም፤ የተጨፈለቀ ደግሞ ጋሪ ላይ ብዙ ይይዛል። በልዋጩ እኛ ከሌላው ሰፈር የምናገኘውን ቆርኪ፣ የአረቄ ክዳን፣ የተሰበረ ስኒና ሳህን እንለይላችኋለን። ስኒ ለእኛ ሸክም ነው እንጂ የሚገዛን የለም። እናንተ ጋ ያለውም ማኅበር በዚህ የሚስማማ ይመስለኛል፤ ሄዳችሁ አነጋግሯቸው። ጠዋት ከሥራ በፊት ሳይሆን ወደ 6 ሰዓት ላይ፣ ጋሪው ገንዳው ጋ ሲራገፍ ታገኟቸዋላችሁ።

ሒሳቡን አምጡ (እሑድ፣ ከቀኑ 9፡50)

ይኸው! ይህ ሒሳብ ይወራረዳል። አሁን ግንቡ ባይሠራ እንኳን ግቢው ይጠቀማል።

ፍላስክ (እሑድ፣ ከምሽቱ 12፡45)

ጥሩ እየሄዳችሁ ነው፤ የተበላሸ ኮምፒውተር የሚለው ግን አስፈራኝ። በሙያዬ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ።

የኮምፒውተር ሰሌዳ በሙሉነቱ ብትሰቅሉት ጣሪያ ሥር እስከሆነ ድረስ ብዙ አይጎዳም። ችግሩ ስትቆርጡት፣ ስትሞርዱት ወይም ስታቃጥሉት ነው። የአሮጌዎቹ ብየዳ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት አለበት፤ ሰሌዳው ራሱ እሳት እንዳይይዘው የተጨመረበት ኬሚካል አለ። አቧራው ሕፃን ሳንባ ውስጥ መግባት የለበትም። መዳቡን ለማውጣት ገመድ ማቃጠልማ ፈጽሞ አይታሰብ፤ ከሽፋኑ የሚወጣው ጭስ መርዝ ነው፣ ጎረቤትም ይበክላል። ሆዱ የተነፋ የድሮ ቴሌቪዥን አትክፈቱ፤ መስታወቱ እርሳስ አለበት። የተሰበረ ሸንበቆ አምፖል (ፍሎረሰንት) ውስጥ ሜርኩሪ አለ። የስልክና የላፕቶፕ ባትሪ በሚስማር ከተወጋ እሳት ያነሣል። ግንባችሁ ደግሞ ዝናብ የሚወርድበት ነው፤ በላዩ ያለፈው ውኃ ሁሉ መሬት ይገባል። በአጭሩ የኮምፒውተሩን ነገር ለኤልያስ ስሜ ተዉለት፤ ከፈለጋችሁ የመክተቢያውን ቁልፎች ብቻ ነቅላችሁ ለፊደል ተጠቀሙበት።

የፕላስቲክ ዓይነት ለመለየት ከፈለጋችሁ ባልዲ ውኃ ይበቃችኋል። ጠርሙሱን ቆራርጣችሁ ብትጨምሩት ይሰምጣል፤ ክዳኑ ይንሳፈፋል። ሁለቱ የተለያዩ ፕላስቲኮች ናቸው፤ ፈጪዎቹም በዚሁ መንገድ ነው የሚለዩዋቸው። ስለዚህ ክዳኑን ፈትታችሁ ለግንቡ ብታስቀሩ ማኅበሩን አትጎዱትም፤ ሥራ ታቀሉለታላችሁ። ክዳኑን አቅልጣችሁ ሰሌዳ ለመሥራት ግን አትሞክሩ። ኩሽና ውስጥ የሚቀልጥ ፕላስቲክ ለእናቶች ራስ ምታት ነው።

የሰፈሬ ስም ተቀየረ (እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡15)

ይህን ሁሉ አነበብኩ። ግንቡ ነገም እዚያው እንደሚቆም ማን ነገራችሁ? በ2016 ፒያሳ፣ በ2017 ካዛንቺስ ምን እንደሆነ አይታችኋል። የኮሪደር ልማቱ መንገድ ዳር ያለውን አጥር ሲያስነሣ፣ ወደ ውስጥ ሲያስገባና በአንድ ዓይነት ቀለም ሲያስቀባ ከተማው ውስጥ ያለን ሰዎች ሁሉ አይተናል። የእናንተ አጥር መንገድ ዳር ነው። የኮሚቴው ሊቀ መንበር ፈቃድ የሚሠራው ከአጥሩ ወደ ውስጥ ነው። ወረዳው ጋ ሳትሄዱ አንድ ቆርኪ እንዳትሰቅሉ፤ ደብዳቤ አስገብታችሁ ቅጂው ላይ ማህተም አስመቱ።

መምህርት (እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡40)

በዚህ ሰው ነገር ተስፋ አትቁረጡ፤ ልክ ቢሆንም። መሬትም ፈቃድም ሳይኖረው የሠራ ሰው አለ። ሕንድ ውስጥ ቻንዲጋር በምትባል ከተማ ኔክ ቻንድ የሚባል የመንገድ ሥራ ተቆጣጣሪ ከፈረሱ ሰፈሮች የተሰበረ ሳህን፣ አምባርና የመታጠቢያ ሸክላ እየለቀመ ለ18 ዓመት ያህል በድብቅ ጫካ ውስጥ ሐውልት ሠራ። ባለሥልጣናቱ ሲደርሱበት ሊያፈርሱት ነበር፤ ሕዝቡ ወደደውና እ.ኤ.አ. በ1976 ለጎብኚ ተከፈተ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ደግሞ ሳይመን ሮዲያ የሚባል ጣሊያናዊ ስደተኛ እ.ኤ.አ. ከ1921 እስከ 1954 ብቻውን ከብረት፣ ከሲሚንቶ፣ ከሸክላ ስባሪና ከለስላሳ ጠርሙስ ማማዎች አቆመ፤ ረጅሙ 30 ሜትር ገደማ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ይወድቃል ብሎ ሊያፈርሰው ሲል እ.ኤ.አ. በ1959 በ10,000 ፓውንድ ኃይል ተስቦ ተፈተነ። አልተነቃነቀም፤ ዛሬም አለ።

ሁለቱም ስባሪ ሸክላን ሲሚንቶ ውስጥ ነው የቀበሩት። ሸክላ አይዝግም፣ ቀለሙን ፀሐይ አይበላውም፣ ሊሰርቁትም አያምርም። እኛ አገር ደግሞ ቡና በቀን ሦስት ጊዜ በሚፈላበት ቤት ሁሉ ስኒ ይሰበራል። ከተማሪዎቼ ጋር በትምህርት ቤቱ ቦኖ ዙሪያ ሠርተነዋል። ስኒውን ጆንያ ውስጥ አድርገን በመዶሻ እንመታዋለን፣ ስለታሙን ጠርዝ ድንጋይ ላይ እንሞርደዋለን፣ ከዚያ በሴራሚክ ማጣበቂያ እንለጥፈዋለን። ሲደርቅ ክፍተቱን በቀጭን ሲሚንቶ እንሞላለን፤ ትርፉን በእርጥብ ስፖንጅ እንጠርጋለን። ልጆቹ የአያታቸውን ስኒ ቁራጭ ፈልገው ሲያሳዩ ማየት አንድ ነገር ነው። መነጽርና ጓንት ግን ግዴታ ነው።

ቆርቆሮ ቀጥቃጭ (እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡05)

መምህርቷ ያሉት ልክ ነው፤ የሰፈሬ ስም ተቀየረ ያለውም ልክ ነው። ሁለቱን አስታርቁ። ግንቡ ላይ በቀጥታ አትለጥፉ። ከካሬ ብረት አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ክፈፍ አስበይዱ፣ አንቲረስት ቀቡት። ለቆርኪው የአጥር ወንፊት ሽቦ ዘርጉበት፤ ለስኒው ደግሞ የሲሚንቶ ቦርድ ግጠሙበት። ግንቡን በስታችሁ በፊሸር (ቀዳዳው ውስጥ በሚገባው ማያዣ) እና በቡሎን እሰሩት። ፍረስ ከተባለ ትፈታላችሁ፣ ታንቀሳቅሳላችሁ፣ የትም ትሰቅላላችሁ። አንዱ ቢዝግ ወይም ቢሰበር አንዱን ብቻ አውርዳችሁ ታድሳላችሁ። ክብደቱን ግን እንዳትንቁት፤ ሲሚንቶና ስኒ ያለበትን ክፈፍ ሁለት ሰው ነው የሚያነሣው፣ የልስኑን ሳይሆን የብሎኬቱን ጤንነት እዩ። ባዶው ብሎኬት ላይ ከሆነ ኮለኑን (የኮንክሪት ምሰሶውን) ፈልጋችሁ ብሱ።

ከስድስት ኪሎ (እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡20)

ክፈፉ የሥዕሉንም ጭቅጭቅ ይፈታል። እያንዳንዱ ብሎክ ወይም ደረጃ አንድ ክፈፍ ይውሰድ። አንድ ነገር ብቻ ይዋዋሉ፤ ቀለም ይሁን መስመር ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገር። ለምሳሌ የግንፍሌ ወንዝ በሰማያዊ የውኃ ክዳን በሁሉም ክፈፍ ውስጥ ቢያልፍ፣ ከወንዙ በላይና በታች የሚሆነውን እነሱ ይወስኑ። አንበሳ የሚፈልግ አንበሳውን ውኃ ያጠጣ። እለምናችኋለሁ፣ «አካባቢያችንን በጋራ እንጠብቅ» የሚል ጽሑፍ ብቻ አትጨምሩበት። መፈክር ያለበትን ግንብ ማንም ቆም ብሎ አያየውም።

አባ ኩራዝ (እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡30)

ወንዙን በሰማያዊ? ግንፍሌን በቅርብ አይተኸዋል ልጄ? ጥቁር ክዳን ሰብስቡ።

የሰፈሬ ስም ተቀየረ (እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡34)

አሳቁኝ ጋሼ። ይህ ከሆነ እኔም እመጣለሁ።

ግንፍሌ ማዶ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡50)

ትናንትና ዛሬ የሆነውን ልንገራችሁ። በሰፈራችን ያለውን ማኅበር ገንዳው ጋ አግኝተን አነጋገርን። ልዋጩን ተስማምተዋል፤ ያስቸገሩን በአንድ ነገር ነው፣ ስማቸው ግንቡ ላይ እንዲጻፍ አይፈልጉም። አንዷ «ስሜን ዘመዶቼ ቆሻሻ ላይ እንዲያነቡት አልሻም» አለችን። ይልቅስ አንድ ክፈፍ ራሳቸው ሊሠሩ ይፈልጋሉ፤ ቦታውንም መርጠዋል፣ በሩ አጠገብ ያለውን። ኮሚቴው ውስጥ ይህን የተቃወሙ ነበሩ። ግቢው የነዋሪው ነው አሉ። የማኅበሩ ክፈፍ ከሌለ ልዋጩም እንደማይኖር ስነግራቸው ዝም አሉ፤ ዝምታውን እንደ መስማማት ወስጄዋለሁ።

ሃይላንድና ኮምፒውተር ከዕቅዱ ወጥተዋል። የመክተቢያ ቁልፎቹን ብቻ አስቀርተናል፤ ለምን እንደሆነ ስታዩት ይገባችኋል። ደብዳቤውን ነገ ወረዳው እናስገባለን። ነዋሪው ገንዘብ ባያዋጣም ስኒ እያዋጣ ነው፤ ሁለተኛ ፎቅ ያሉ እናት ያልተሰበረ ሙሉ ረከቦት ይዘው መጥተው «እኔ እሰብርላችኋለሁ» ብለው አስቀመጡት። የቀረን የክፈፉ ብረት ነው። ለሙከራ ሦስት ብቻ እንጀምር ብለናል፤ ለሦስቱም የሚሆን ካሬ ብረት ከየት እናገኛለን?

ቆርቆሮ ቀጥቃጭ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10)

አዲስ ብረት አትግዙ። ከፈረሱ ቤቶች የወጣ የመስኮትና የበር ፍሬም ምናለሽ ተራ በኪሎ ይሸጣል፤ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ካጸዳችሁት ለዚህ ሥራ ይበቃል። ሐሙስ ከሰዓት ነጻ ነኝ። ሁለት ጉልበት ያላቸው ልጆችና ሜትር ይዘሽ ነይ፤ ዋጋውን እኔ ልከራከርልሽ፣ አንቺ ከተናገርሽ አዲስ ገዢ መሆንሽን አውቀው ይጨምሩብሻል። ብየዳውን በነጻ አልሠራም፤ ግን ማኅበሩ ክፈፉን ሲጨርስ ከቢራ ቆርኪ ምን እንዳወጡ ማየት እፈልጋለሁ፤ በእሱ እንታረቃለን።

ጋሪ ገፊዋ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡25)

ለሐሙስ አንድ ማዳበሪያ የአረቄ ክዳን አለኝ። ታጥቧል። የት ላምጣው?